ሰደፍ መምረጥ

ለወትሮው በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ ሳነሣ አንባብያን የሚጠብቁት ስለ ምርጫ ቦርድ፣ ስለ ድምፅ ቆጠራና ስለ ተቃዋሚዎች መከፋፈል እንድጽፍ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ምርጫ ነው፤ ስለ ጠብመንጃ ሰደፍ ምርጫ። ርእሱ ከገጹ ልማድ የራቀ ለሚመስላቸው ወዳጆቼ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሡኝ ግን ያን ያህል አለመራቁን ያዩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ፋሲካ ማግሥት፣ በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ ነው። የጨዋታው አዝማሚያ እንደ ተለመደው ከአገር ቤት ወሬ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ልጆች ከዞረ በኋላ ወዳጄ፣ «አንተስ ሰሞኑን ድምፅህ የጠፋው ምን ይዞህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ሰደፍ እየመረጥኩ ነው» አልኩት። ለኢላማ ተኩስ ውድድር የምጠቀምበት ጠብመንጃ እንዳለኝ ያውቃል። ሆኖም በደርግ ዘመን አራት ዓመት የታሰረ ሰው ነውና ሲኒውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝና፣ «ወንድሜ፣ በእኛ አገር ሰደፍ ይቀመሳል እንጂ ይመረጣል እንዴ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ በመንገድ ላይ ቀርቶ ጥያቄው ብቻ አብሮኝ ገባ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በቋንቋችን ሰደፍ የምንለው በተለይ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የጠብመንጃውን የኋላ ክፍል ነው። እኔ ዛሬ በዚሁ ስም የምጠራው ግን መላውን አቃፊ ነው፤ ማለትም ከትከሻ ጀምሮ በጉንጭና በመጨበጫው በኩል አልፎ በርሜሉ ሥር እስከሚያልቀው ድረስ ያለውን፣ ብረቱ የተኛበትን አካል። የሩቅ ኢላማ ተኳሾች ብዙ ገንዘብና ብዙ ሌሊት የሚያጠፉት ይህን አካል በመምረጥ ነው።

* * *

እኔ ሰደፍን መጀመሪያ ያወቅሁት በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በአሰሳ ላይ ነበረች። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሌሊት በራችን ተንኳኳ፤ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ገቡ፤ ፍራሹ ተገለበጠ፤ የእናቴ የእህል ጆንያ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከሦስቱ አንዱ አባቴን፣ «ወረቀቱን የት ደበቅኸው?» አለው። አባቴ፣ «ምንም ወረቀት የለኝም ጌታዬ፤ ይኸው ቤቱ፤ ፈትሹት» ሲል መለሰ። ሰውዬው ጠብመንጃውን አገላብጦ በሰደፉ ቀኝ ትከሻውን መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወጥተው ወደ ጎረቤት አለፉ።

የጠብመንጃውን ስም አላውቅም። አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ወዴት እንደ ዞረ አላስታውስም። የሰደፉን እንጨት ግን ዛሬም አያለሁ፤ ጥቁር ቡኒ፣ በእጅ ብዛት የተወለወለ፣ ጫፉ ላይ በብረት ንጣፍ የታሸገ። አባቴ በ1988 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ክረምት በገባ ቁጥር ያን ትከሻውን በእጁ ያሽ ነበር። ስለ ሌሊቱ አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም፤ «ብርድ ነው» ይል ነበር።

ወዳጄ ያሳቀን በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ ትውልድ ከጠብመንጃ አካላት ሁሉ ሰው ላይ በብዛት ያረፈው ሰደፉ ነው። ጥይት የነካው ብዙ ጊዜ ቆሞ አይነግረንም፤ ሰደፍ የቀመሰው ግን ዛሬም በየቤቱ አለ።

* * *

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ትዝታ ያለው ሰው ከጠብመንጃ ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባለቤቴም ለዓመታት ጠይቃኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ተኩስ ሜዳ ወሰደኝ። የሄድኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ሜዳው ከተኳሹ እስከ ኢላማው 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ይረዝማል። በዚህ ርቀት ኢላማው በባዶ ዓይን ከአንዲት ነጭ ነጥብ አይበልጥም። ጥይቱ እዚያ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ ነፋስ ወደ ጎን ይገፋዋል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ብቻውን ጥይቱን ከ2 ሜትር በላይ ያስኬደዋል። ስለዚህ ውድድሩ የጀግንነት ሳይሆን የመታገሥና የማስላት ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ስሌቱ አልነበረም፤ ሥርዓቱ ነው። ማንም ሰው ያለ ትእዛዝ ጠብመንጃውን አያነሣም። ተኩስ በማይኖርበት ጊዜ ቃታው ይከፈታል፣ ጥይት አለመኖሩን የሚያሳይ የፕላስቲክ ምልክትም ይሰካበታል። ከኢላማው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ሆነው ኢላማውን የሚያወርዱትና ነጥቡን የሚያሳዩት ተራቸውን የሚጠብቁት ሌሎች ተወዳዳሪዎች ናቸው። የተፎካካሪህን ነጥብ አንተ ታሳያለህ፤ ያንተንም እርሱ ያሳያል። በዚያ ላይ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ዳኛም ይሁን ተመልካች ወይም ሕፃን ልጅ፣ «ተኩስ አቁም!» ብሎ ከጮኸ ሁሉም ወዲያውኑ ያቆማል፤ ጩኸቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚጣራው ከቆመ በኋላ ነው።

እኔ ባደግሁበት አገር ጠብመንጃ የያዘ ያዛል። በዚያ ሜዳ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ይታዘዛል። ይህን ያየሁ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ላስረዳት ሞከርኩ፤ «ይሁን፤ ግን ብረቱ ከካዝና፣ ቁልፉም ከኪስህ እንዳይወጣ» ብላ ፈቀደችልኝ። ውላችን ዛሬም የጸና ነው።

የዚህ ስፖርት ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ ክሪድሙር በተባለው ሜዳ፣ አሜሪካና አየርላንድ በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ገጥመው አሜሪካ 934 ለ931 አሸነፈች። በዚያ ግጥሚያ ሚልነር የተባለው አየርላንዳዊ ዒላማውን መሐል ለመሐል መታ፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ኢላማ ነበር፤ ዜሮ ተጻፈለት። የመሐል ምት አራት ነጥብ ነበረውና በራሱ ኢላማ ላይ ቢሆን ኖሮ አገሩ ታሸንፍ ነበር። ሽንፈቱን ግን ማንም አልካደም፤ ቆጠራውም አልተቃጠለም። እኔ የምወዳደርበት «ኤፍ» የተባለው ዘርፍ ደግሞ በካናዳዊው ጆርጅ ፋርኳርሰን ስም የተጠራ ነው። ዓይኑና ገላው እያረጀ የሄደ ተኳሽ ከስፖርቱ እንዳይወጣ በማሰብ፣ በመነጽርና በድጋፍ መተኮስ የሚፈቅድ ሥርዓት ያስጀመረ ሰው ነው። ስድሳን ለተሻገርን ሰዎች ባለውለታችን ነው።

* * *

አሁን ወደ ሰደፉ ልመለስ።

ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ በርሜሉና ስለ መነጽሩ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይሁንና አንድ ቀላል ስሌት አስቡ። ባሩዱ ከተቀጣጠለ በኋላ ጥይቱ በርሜሉን ለቅቆ እስኪወጣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ጠብመንጃው ግን ወደ ኋላ መሄድ የሚጀምረው ጥይቱ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ነው፤ 8 ኪሎ የሚመዝን ጠብመንጃ ጥይቱ እስኪወጣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። በዚህች አንድ ሚሊ ሜትር ጉዞ ውስጥ አፈሙዙ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያዘነብል፣ 1000 ያርድ ላይ ጥይቱ ሩብ ሜትር ገደማ ይስታል። በእኛ ዘርፍ የአሥር ነጥቡ ክብ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ያቺን ቅጽበት የሚገዛት ማን ነው? በርሜሉ አይደለም፤ በርሜሉን ያቀፈውና ከሰው ገላ ጋር ያገናኘው ሰደፍ ነው።

የመጀመሪያው ሰደፌ የተገዛው በዓይን ፍቅር ነበር። ዋልነት ከሚባለው እንጨት የተሠራ፣ ሥሩ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ፣ በዘይት የተወለወለ ነበር። ጎጃም ያለው አያቴ ምንሽሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በየሳምንቱ በዘይት በነከረ ጨርቅ ይወለውላት የነበረው ትዝ አለኝና ገዛሁት። የሸጠልኝ ነጋዴ «ለሩቅ ተኩስ ምርጥ ነው» ሲለኝ አልተጠራጠርኩም።

በግንቦት ወር ደረቅ አየር ሳስተካክለው ጥሩ መታ። በነሐሴ፣ የቨርጂኒያ እርጥበት ሸሚዝ ከገላ በሚያጣብቅበት ወቅት፣ ለውድድር ይዤው ስቀርብ ጥይቶቹ ወደ ግራና ወደ ላይ ሄዱ። መነጽሩን አረምኩ፤ ፀሐይ ወጥታ በርሜሉ ሲግል ደግሞ ሌላ ቦታ መቱ። ከ200 ነጥብ 171 አገኘሁ። ነፋሱን አማረርኩ፤ ጥይቱን አማረርኩ፤ ዓይኔንም አማረርኩ። በክበቡ የሚገኙ አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ከኪሳቸው የአንድ ዶላር ኖት አውጥተው በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ለማሳለፍ ሞከሩ። ኖቱ መንገድ ላይ ቆመ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ በርሜሉን በአንድ ወገን ይነካዋል። «እንጨቱ ገና በሕይወት ያለ ይመስለዋል» አሉኝ፤ «ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠጣል።»

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አልነበረም። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ቬትናም የላካቸው የአነጣጥሮ ተኳሽ ጠብመንጃዎች ሰደፍ እንጨት ነበር፤ በጫካው እርጥበት እያበጠና እየተጣመመ አስቸገረ። በ1970ዎቹ ጦሩ ጠብመንጃውን ሲያድስ ወደ ፋይበርግላስ የተሻገረው ከዚህ ተምሮ ነው። የጌል ማክሚላን ቤተሰብ ሥራ በተኳሾች ዘንድ ስመ ጥር የሆነውም ከዚሁ ጋር ነው።

* * *

ከዚያ በኋላ ምርጫውን በሥርዓት ያዝኩት። ለዚህ ስፖርት አዲስ የሆነ ወገን ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል በማለት የተማርኩትን ባጭሩ አሰፍራለሁ።

አንደኛው ጉዳይ የሚሠራበት ነገር ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለጠ እንጨት ውብ ነው፤ ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። ፋይበርግላስና የካርቦን ጭረት እርጥበት አይጠጡም፤ ቀላልም ናቸው፤ በልክ ተሠርተው ሲያልቁ ግን ዋጋቸው በቀላሉ ከ1000 ዶላር ያልፋል፣ ወረፋውም ወራት ይወስዳል። አሉሚኒየም ሻንሲ፣ ማለትም እንደ መኪና ሻንሲ በማሽን የተቀረጸ ብረት፣ ሁሉ ነገሩ በብሎን ይስተካከላል፤ ነገር ግን በጥር ማለዳ ጉንጭ ላይ በረዶ ነው። አራተኛው ዓይነት እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ሽፋኖች በሙጫ ተደራርበው የተሠራው ነው። አንዱ ሽፋን ሊጣመም ሲፈልግ ሌላው ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ወጥ እንጨት ይልቅ ይጸናል። ጉድለቱ ክብደት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደቱ ነው። እኔ በምወዳደርበት ክፍል ጠብመንጃው ከመነጽሩና ከሁለት እግር ድጋፉ ጋር ከ8.25 ኪሎ መብለጥ የለበትም። የእኔ በርሜል 3.2፣ ቃታውና ማቀፊያ ብረቱ 1.2፣ መነጽሩ ከነማሰሪያው 1.1፣ ድጋፉ 0.5 ኪሎ ይመዝናሉ። ሲደመር 6 ኪሎ ነው፤ ለሰደፉ የተረፈው 2.25 ኪሎ ብቻ ነው። ዋልነት ስገዛ እንጨቱን አየሁ እንጂ ሚዛን ላይ አላወጣሁትም ነበር። ያማረ ነገር ያየ ሰው ሚዛን አይፈልግም፤ በፖለቲካችንም ያየነው ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉዳይ ልክ ነው። ፋብሪካ ሰደፍ የሚሠራው ለማንም ላልሆነ አማካይ ሰው ነው፤ ከምላጩ እስከ ትከሻው 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አጭር ክንድ ያለው ሰው ይንጠራራል፤ ረጅም ክንድ ያለው ይታጠፋል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍታ ነው። የሩቅ ተኩስ መነጽር ትልቅ ስለሆነ ከበርሜሉ ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ሰደፉ ዝቅ ካለ ተኳሹ አንገቱን ቀና አድርጎ በጡንቻው ይይዛል። ለአንድ ጥይት ይቻላል። ለሃያ ጥይት ግን አንገት ይደክማል፣ ዓይን ከመነጽሩ መሐል ይሸሻል፣ ተኳሹም ነፋሱን ይረግማል።

ሽማግሌው መፈተኛውን አሳዩኝ። «ከጠብመንጃው ኋላ ተኛ፤ ዓይንህን ጨፍን፤ እንደምትተኛ ሆነህ ጉንጭህን ጣል፤ ሦስት ጊዜ ተንፍስ፤ አሁን ዓይንህን ግለጥ» አሉኝ። ገለጥሁ። በመነጽሩ ውስጥ ያየሁት ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጥላ ነበር። ኢላማውን ሙሉ ለማየት ጭንቅላቴን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ። «ተንቀሳቅሰህ ካየኸው ሰደፉ ያንተ አይደለም። አንተ ለሰደፉ እየሠራህለት ነው» አሉኝ።

አራተኛው የሰደፉ የታች መስመር ነው። ከኋላ በአሸዋ ከረጢት ላይ የሚያርፈው ይህ መስመር ተዳፋት ከሆነ፣ ጠብመንጃው በተራገጠ ቁጥር በተዳፋቱ ላይ ይንሸራተትና አፈሙዙ ከፍታውን ይለውጣል። ከበርሜሉ ጋር ትይዩ ከሆነ ግን ባቡር በሐዲዱ እንደሚሄድ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። የአደን ሰደፍ ቁልቁል የሚያዘቀዝቀው ለቆመ ሰው ስለ ተሠራ ነው፤ ተኝቶ ለሚተኩስ ሰው አይሆንም።

አምስተኛው ብረቱ በሰደፉ ውስጥ የሚተኛበት አልጋ ነው። ብሎኖቹ እንጨቱን እንዳይጨምቁት የአሉሚኒየም ቀለበቶች ይቀበሩበታል፤ ከዚያ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ኢፖክሲ ተሞልቶ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ብረቱ ሳይጨነቅ ይተኛል። በርሜሉ ግን ከዚያ ወደ ፊት ምንም ሳይነካ ይንሳፈፋል። የዶላር ኖቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ አለባት።

* * *

ይህን ሁሉ ባወቅሁበት ጊዜ አዲሱን ሰደፍ ልግዛ ብዬ ገንዘብ መቆጠብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደረሰ፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ።

በዚያ ወቅት የነበረውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም ስልካችንን ታቅፈን ነው ያደርነው። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ ቅዳሜ ወደ ሜዳ ሄድኩ፤ ተኛሁ፤ ጉንጬን ጣልኩ፤ ምላጩን ግን መሳብ አቃተኝ። ኢላማው ወረቀት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያችው ሰዓት በአገሬ ስንቱ ወጣት እንዲሁ በደረቱ ተኝቶ፣ እንዲሁ ትንፋሹን ይዞ፣ ወረቀት ባልሆነ ነገር ላይ እንደሚያነጣጥር ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም። ቃታውን ከፍቼ፣ ምልክቱን ሰክቼ፣ ተነሣሁ። ለሁለት ዓመት ጠብመንጃውን ከካዝና አላወጣሁትም። ለሰደፍ ያጠራቀምኩት ገንዘብም ወደሚያስፈልገው ወገን ሄደ።

በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመውን ስምምነት ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ በዚያ ሜዳ ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ «ተኩስ አቁም» ለማለት መብት ያለው መሆኑ ነው። እኛ አገር ይህን ቃል ለማሰማት የሁለት ዓመት እልቂትና የሌላ አገር ከተማ አስፈለገን። ከዚያም በኋላ በሌሎች ክልሎች ተኩሱ አላባራም። እንግዲህ ስፖርቱን መተው ይሻል ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። አንዳንድ ወዳጆቼም ተው ብለውኛል፤ ምክንያታቸውን አልንቅም። በመጨረሻ የተመለስኩት፣ መሣሪያ የያዘ ሰው በሕግ ሥር ሲውል ያየሁበት ብቸኛው ቦታ ያ ሜዳ ስለሆነ ነው። ያን ማየት ለእኔ እንደ ጸሎት ነው። ሌላ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

* * *

ሰደፉን የገዛሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ከተደራረበ እንጨት የተሠራ፣ ያገለገለ፣ 450 ዶላር፣ 2.1 ኪሎ። የጉንጭ ማሳረፊያው በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል፤ የትከሻ ሰሌዳውም ይረዝማል ያጥራል። መልኩ ግራጫና ጥቁር፣ ከዋልነቱ አጠገብ ሲቆም መናኛ ነው። በዚህ አገር ሕግ መሠረት ጠብመንጃ የሚባለው ቁጥር የተመታበት ማቀፊያ ብረት ነው፤ ሰደፍ ተራ ዕቃ ስለሆነ እንደ ጫማ በፖስታ ቤታችን ደጃፍ ድረስ መጣ። ሕጉ ምንም አይደለም የሚለው ይህ ክፍል በአባቴ ቤት ግን ጠብመንጃው እርሱ ነበር።

ኢፖክሲውን ምድር ቤት ውስጥ ስሞላ ልጄ ወረደች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በዚህ አገር የተወለደች፤ ትምህርት ቤት ሳለች ከታጣቂ መደበቅን እንደ እሳት አደጋ ልምምድ የተለማመደች። ቆማ አየችኝና፣ «አባዬ፣ አያቴን የመቱት በእንደዚህ ያለው ነው?» አለችኝ። ታሪኩን የነገረቻት እናቷ መሆን አለባት፤ እኔ አልነገርኳትም ነበር።

«አዎ፤ በእንደዚህ ያለው ነው» አልኳት።

«የት ላይ?»

እጄ በኢፖክሲ ተበክሎ ነበርና በአገጬ አመለከትኳት። ቀኝ ትከሻዬን፣ ከአጥንቱ በታች ያለችውን ስርጉድ። ተኳሽ ሁሉ ሰደፉን የሚያሳርፍባት ቦታ ያቺው ናት። ይህን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ልጄ ጥቂት ቆየችና፣ «ያምሃል ስትተኩስ?» አለችኝ።

«ልኩ ከሆነ አያምም፤ ልኩ ካልሆነ ያማል» አልኳት። ብሎኑን እስካጠብቅ ድረስ ማቀፊያ ብረቱን ያዘችልኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልተነጋገርንም።

በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ሜዳ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ኖታቸውን አውጥተው በበርሜሉ ሥር አሳለፏት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ተኝቼ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሦስት ጊዜ ተንፍሼ ገለጥሁ፤ ኢላማው ሙሉ ነበር። ማሳረፊያውን ለዚህ ለማድረስ በቤቴ ወለል ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ አድርጌዋለሁ። በውድድሩ 186 አገኘሁ፤ ከሃያ አራት ሰው አሥራ አራተኛ ነበርኩ። የሳትኳቸውን ጥይቶች በዚህ ጊዜ በእንጨት ማመካኘት አልቻልኩም፤ ነፋሱን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደርሶ ቦዩ ውስጥ ወረድኩና የሌሎችን ኢላማ ስጎትት፣ ስለጥፍ፣ ነጥባቸውን ሳሳይ ዋልኩ። ከእነርሱ አንዱ ጠዋት ያሸነፈኝ ወጣት ነበር። አንድ ጥይቱ ከመስመሩ ላይ አረፈችና አሥር ትሁን ዘጠኝ ለመለየት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዳዳው መስመሩን ነክቶታል። በደንቡ መሠረት መስመር የነካ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛልና አሥር አሳየሁለት።

ለወዳጄ ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው። ሰደፍ ይመረጣል፤ የሚመረጠውም ለሰው ልክ ነው። ለዚያ መለኪያ የሚሆነው ሰው ግን መጀመሪያ ሳይመታ መቆየት አለበት።

ቸር ይግጠመን።